ዐይኑ ዐ

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጎንበስ ያልኩለት
ከራስ መኮንን ድልድይ ወዲህ፣ የማተሚያ ቤታችን መዝጊያ ብረት
በግማሽ ተከፍቶ፣ በግማሽ ተዘግቶ
አንድ ማክሰኞ ጧት ግንባሬን አገኘው፣ ስግደቴን አጥቶ።

አልወደቅሁም እኮ።
ቆሜ ነው የሣቅሁት። ልጆቹም አብረው ሣቁልኝ፣
ጋሽ ክንፈ በረዶ በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ።
ከሰዓት በኋላ ግን ፊደሉ መንታ ወለደ፣
ሦስተኛው መስመር ተነሥቶ ካራተኛው ላይ ወረደ።

እኔ አራሚ ነኝ፤ መንታ አይገርመኝም፣
ሁለት ሰ ባለው ፊደል ነው ያደግሁት፣ ሦስት ሀ አይከብደኝም።
እሳቱን ከንጉሡ፣ ጸሎቱን ከፀሐዩ
ለይቼ ነው የኖርኩት፣ ሌሎች ሳያዩ።
ይህ ግን ሌላ መንታ ነው፤ ሥርዓት የለው፣ ግእዝ የለው፣
አንዱ ሀ ብቻውን ሁለት ሀ የሆነው።

ድንገተኛ ክፍል ራሴን በፊልም አነሡልኝ፤
«ደም የለም፣ ስብራት የለም» አሉኝ።
ከግድግዳው ሰሌዳ የታችኛዋን ደቃቅ መስመር
ሳልደናቀፍ ወጣኋት፣ እንደ ልጅነት መዝሙር።
«ዐይንሽ ደኅና ነው።»
ደኅና ነው አልኩ። ሥራዬ ገባሁ።

በሳምንቱ የሠርግ ጥሪ መጣ። አነበብኩ፣ ፈረምኩ፤
ስድስት መቶ ካርድ ታተመ፣
ናርዶስ ናርዶስን ልታገባ!
ሁለት ናርዶስ አይቼ ነበር፤ አይቻለሁ፣
መንታው የዐይኔ መስሎኝ እንጂ፣ ዝም ያልኩ።

ጋሽ ክንፈ ካርዱን ዘርግቶ «አላየሽውም ወይ?» ቢለኝ
«ዐይኔን ግንባር ያድርገው! አይቼዋለሁ» አልኩኝ።
መልስ አልሰጠም። ግንባሬን አየ።
እብጠቱ ገና አልጎደለ።
መሐላው፣ ለካ፣ ከኔ ቀድሞ ደርሶ
ቁጭ ብሎ ነበር፣ ከቅንድቤ በላይ፣ ጥቁር ሰማያዊ ለብሶ።

አራት ኪሎ ወረድኩ፤ በኔ ዐይን ስምንት ኪሎ፣
ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ፣ ሊፍቱ ተሰናክሎ።

ኦብሴ ትባላለች። የጠረጴዛውን መብራት ሳልነግራት አጠፋችው፣
«ሁለት ሲሆን ንገሪኝ» ብላ እስክሪብቶዋን ወዳፍንጫዬ አመጣችው።
ከክንድ ርቀት አንድ ነበር።
እስከ ስንዝር አንድ ነው ልላት ነበር፤
ስንዝር ሳይደርስ ተሰነጠቀ።
«ሁለት» አልኩ። ዐፈርኩ።

«ራስሽን ሳታነቃንቂ ጣቴን ተከተይ» ስትለኝ
ዐይኔ እንደ አዲስ ሹፌር እየተንገጫገጨ ሄደልኝ።
«አሁን ደግሞ» አለች፣ «ጭንቅላትሽ እምቢ ይበል፣ ዐይንሽ እሺ ይበል።»
ከአውራ ጣቷ ፊደል ሳልነቀል
ራሴን ግራ ቀኝ ብነቀንቅ ክፍሉ ታንኳ ሆነ፤
የወንበሩን ጠርዝ ያዝኩ።
ቁጥር የተዘራበት ካርድ ሰጠችኝ፣ ፍጥነቴን በሰዓት ለካች፤
አንድ ሙሉ መስመር ዘለልኩ። ምንም አላለች፣ ጻፈች።

«ዐይኖችሽ ጤነኞች ናቸው» አለችኝ፣ «እያንዳንዳቸው።
የተጣሉት እርስ በርሳቸው።»

ለዕርቁ ክር ሰጠችኝ፤ ሦስት ዶቃ ያለው ክር፣
አንዱ ጫፍ ከበር እጀታ፣ አንዱ ካፍንጫዬ ሥር።
«መቼ ይታረቃሉ?»
«ቀኑን ቆርጬ አልዋሽሽም» አለች፣ «በየቀኑ ሥሪ፣
ሲደክምሽ ደግሞ እረፊ።»
ለምን ደስ እንዳለኝ እንጃ፤
ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰነፍ መስዬ ታይቼ ነበር፣
ለራሴም ጭምር።

ታች ካርድ ክፍል ልጁ ስሜን «ስርጉት» ብሎታል፣ በእሳቱ ሰ፤
ከሥሩ «የአይን ምርመራ» ይላል፣ በአልፋው አ።
እስክሪብቶውን ለመንኩት።
ካርዱን አራቅሁ፣ አቀረብኩ፣ አንዱን ዐይኔን ጨፈንኩ፤
ስሜን ተውኩት።
አልፋውን ሰረዝኩና
ከላዩ ክብ አድርጌ ዐይኑን ዐ ጻፍኩ።

ከዚያ የጨፈንኩትን ገለጥኩ።
ሁለት ሆኖ ታየኝ።
ሁለቱም ልክ ነበር።